ርካሽ የኤሌክትሪክ ቢስክሌት መግዛት ይጠቅማልን?

ማናቸውም ዕቃ ሁለት ዋጋ አለው። አንደኛው ገዢው ለባለሱቁ ቈጥሮ የሚሰጠው ገንዘብ ነው፤ ሁለተኛው ግን ዕቃው ከቤት ከገባ በኋላ በጥገና፥ በመለዋወጫ፥ ሥራ ፈትቶ በመዋል፥ አንዳንድ ጊዜም በአካልና በሕይወት ላይ በሚደርስ ጉዳት የሚከፈለው ነው። የመጀመሪያው ዋጋ በዕቃው ላይ ተጽፎ ስለሚታይ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ሁለተኛው ግን አይጻፍምና ብዙ ሰው የሚያውቀው ከከፈለው በኋላ ነው። ዛሬ ልንመረምረው ያሰብነው ነገር ይህን ሁለተኛውን ዋጋ የሚመለከት ነው፤ ይኸውም እጅግ በርካሽ የሚሸጠውን የኤሌክትሪክ ቢስክሌት መግዛት ይጠቅማል ወይስ አይጠቅምም የሚለው ጥያቄ ነው።

ይህ ጥያቄ የሩቅ አገር ጥያቄ መስሎ የሚታየው ሰው ቢኖር፥ ጥቂት ቢያስብ ለእኛም ቅርብ መሆኑን ይረዳዋል። በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ2024 ዓመት መጀመሪያ በነዳጅ የሚሠራ አውቶሞቢል ወደ ኢትዮጵያ እንዳይገባ መከልከሉ የታወቀ ነው። በዚሁ አቈጣጠር በሴፕቴምበር 9 ቀን 2025 ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ተመርቋል። (ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸውም ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቈጣጠር የተቈጠሩ ናቸው።) እንግዲህ ነዳጅ ከውጭ በውድ ገንዘብ የሚገዛ፥ ኤሌክትሪክ ግን ከገዛ ወንዛችን የሚገኝ ከሆነ፥ አውቶሞቢል ለመግዛት ዐቅም የሌለው ሰው ዐይኑን በኤሌክትሪክ ቢስክሌት ላይ ቢጥል አያስደንቅም። ስለዚህ ከእኛ አስቀድመው ይህን መሣሪያ በብዛት የገዙ ሰዎች ምን እንደ ደረሰባቸው ማወቅ ይገባናል።

በእውነቱ ነገር መሣሪያው መልካም መሣሪያ ነው። እንደ ማንኛውም ቢስክሌት ፔዳልና ካቴና አለው፤ ከዚህም ጋር በጎማው እምብርት ወይም በፔዳሉ አጠገብ የተቀመጠ ትንሽ ሞተር፥ ሞተሩንም የሚያንቀሳቅስ ባትሪ አለው። 360 ዋት ሰዓት የሚይዝ መጠነኛ ባትሪ በደልዳላ መንገድ በያንዳንዱ ኪሎሜትር ከ10 እስከ 15 ዋት ሰዓት ያህል ቢፈጅ፥ ከ24 እስከ 36 ኪሎሜትር ድረስ ያስኬዳል። ያን ባትሪ ለመሙላት የሚያስፈልገው ኤሌክትሪክ ግማሽ ኪሎዋት ሰዓት እንኳ አይሞላም። በእግሩ ሁለት ሰዓት ይሄድ የነበረ ሠራተኛ በግማሽ ሰዓት ከሥራው ይደርሳል፤ ለመኪና የሚከፍለውንም ገንዘብ ለልጆቹ ያተርፋል። ስለ ሆነም የምንነቅፈው የኤሌክትሪክ ቢስክሌትን አይደለም፤ ርካሽነትንም ስለ ርካሽነቱ ብቻ የምንነቅፍ አይደለንም።

ነገር ግን ርካሽነት ሁለት ዐይነት ነው። አንዱ ዕቃ ርካሽ የሚሆነው ሠሪው ጌጡንና ትርፉን ነገር ስለ ተወ ነው፤ ባትሪው ትንሽ፥ ፍጥነቱ መጠነኛ፥ መቀመጫው ቀላል፥ ቀለሙም ተራ ይሆናል፤ ገዢውም ያልተሰጠውን ነገር በዐይኑ ያየዋል። ሌላው ዕቃ ርካሽ የሚሆነው ግን ሠሪው መጠበቂያውን ነገር ስለ ተወ ነው፤ ከውጭ ሲያዩት ባትሪው ትልቅ፥ ፍጥነቱ ብርቱ፥ መብራቱም የሚያብረቀርቅ ነው፤ የጐደለው ነገር በተዘጋ ሣጥን ውስጥ ስለ ሆነ ገዢው አያየውም። የመጀመሪያው ርካሽነት ቍጠባ ነው፤ ሁለተኛው ግን ማታለል ነው። ሣሩን አይቶ ገደሉን እንዳላየው በሬ የሚሆነው ይህን ሁለተኛውን የሚገዛ ሰው ነው።

በተዘጋው ሣጥን ውስጥ ያለው ምን እንደ ሆነ ጥቂት እናስረዳ። የሊቲየም ባትሪ አንድ ወጥ ነገር አይደለም። ከላይ ባነሣነው መጠነኛ ባትሪ ውስጥ፥ ሴል የሚባሉ፥ ብዙውን ጊዜ የሰው አውራ ጣት የሚያካክሉ አርባ ያህል ትናንሽ ቀፎዎች ዐሥር ዐሥር ሆነው ተያይዘው ይገኛሉ። እነዚህ ሴሎች ሲሞሉም ሲፈሱም እኩል መሄድ አለባቸው። እያንዳንዱም ሴል አብዛኛውን ጊዜ ከ4.2 ቮልት በላይ እንዲሞላ አይገባውም። ይህን የሚቈጣጠር፥ ከመጠን በላይ ሲሞላ ወይም ሲሞቅ ኀይሉን የሚያቋርጥ፥ እንደ ዘበኛ የቆመ አንድ ትንሽ የኤሌክትሪክ ሰሌዳ አለ። በጥሩ ባትሪ ውስጥ ሴሎቹ ከአንድ ፋብሪካ የወጡና የተመረመሩ፥ ዘበኛውም የነቃ ነው። በመጥፎው ባትሪ ውስጥ ግን ሴሎቹ የተለያዩ፥ አንዳንድ ጊዜም ከአሮጌ ባትሪ ተፈትተው እንደ ገና የተሰፉ ይሆናሉ፤ ዘበኛውም ስሙ ብቻ አለ እንጂ አይጠብቅም።

አንዱ ሴል ከመጠን በላይ ቢሞላ ወይም በውስጡ ያለው ስስ መለያ ቢበሳ፥ የሚወጣው ሙቀት ራሱን በራሱ እያባዛ ይሄዳል፤ ወደ ጎረቤቱም ሴል ይሻገራል። ያን ጊዜ የሚቀጣጠልና የሚመርዝ ጢስ ይወጣል፤ በጥቂት ደቂቃም ክፍሉን ይሞላዋል። ይህ እሳት እንደ እንጨት እሳት በብርድ ልብስ ታፍኖ የሚጠፋ አይደለም፤ ባትሪው እስኪበርድ ድረስ ብዙ ውሃ ይፈልጋል፤ ጠፋ ከተባለም በኋላ እንደ ገና ሊነሣ ይችላል። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ ሰው ቢስክሌቱን የሚያቆመው በቤቱ መግቢያ አጠገብ መሆኑ ነው፤ እሳቱ ሲነሣ መውጫውን በር ይይዘዋልና።

ይህ ነገር በወሬ ብቻ የሚነገር አለመሆኑን ለማስረዳት የኒውዮርክን ከተማ ምሳሌ እናቀርባለን። በዚያች ከተማ ከ60 ሺህ የሚበልጡ ሰዎች ምግብ ከየምግብ ቤቱ ወደ ሰው ቤት በማመላለስ ይኖራሉ። ብዙዎቹ ከሌላ አገር የመጡ ድሆች ናቸው፤ ቢስክሌቱንም ባትሪውንም የሚገዙት በገዛ ገንዘባቸው ነው። ቀኑን ሙሉ ስለሚሮጡ አንድ ባትሪ አይበቃቸውም፤ ስለዚህ ሁለተኛውን ከርካሹ ይገዛሉ፤ ማታም በጠባብ ቤታቸው ወይም በጠጋኙ ሱቅ ውስጥ ይሞሉታል። በከተማይቱ በሊቲየም ባትሪ ምክንያት የተነሣው እሳት በ2019 ዓመት 30 ያህል ነበረ፤ በ2023 ዓመት ግን 268 ደረሰ። ከዚህም እሳት አብዛኛው ከኤሌክትሪክ ቢስክሌትና ከዚህ ዐይነት ትንንሽ መሣሪያ የተነሣ ነው። በዚያው በ2023 ዓመት 150 ሰዎች ሲጐዱ 18 ሰዎች ሞቱ።

ከእነዚህ ሞት መካከል የአንዱን ሌሊት ታሪክ ማስታወስ ይበቃል። በጁን 20 ቀን 2023 ከእኩለ ሌሊት በኋላ፥ ቻይናታውን በሚባለው ሰፈር፥ የኤሌክትሪክ ቢስክሌት በሚጠገንበት በአንድ ሕንፃ ምድር ቤት እሳት ተነሣ፤ ከሱቁ በላይ ባለው የመኖሪያ ቤት ውስጥ ከነበሩት 4 ሰዎች ሞቱ። እንግዲህ የርካሹ ባትሪ ሁለተኛ ዋጋ በገዢው ላይ ብቻ የሚወድቅ አለመሆኑን ከዚህ እናያለን። ገንዘቡን ያተረፈው አንዱ ሲሆን ዕዳውን የሚከፍለው ጎረቤቱ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ነገሩ የገዢው የግል ጕዳይ ብቻ ነው ብሎ መተው አይቻልም።

ከተማይቱም በዚህ ምክንያት ሕግ አወጣች። በማርች 2023 የጸደቀው ሕግ ከሴፕቴምበር 16 ቀን 2023 ጀምሮ፥ ዩ.ኤል. 2849 በሚባለው የጥራት ደንብ ተፈትኖ ማረጋገጫ ያላገኘ የኤሌክትሪክ ቢስክሌት በከተማይቱ እንዳይሸጥና እንዳይከራይ ከለከለ፤ ባትሪውም ለብቻው ሲሸጥ ዩ.ኤል. 2271 የተባለውን ፈተና ያለፈ እንዲሆን አዘዘ። ከአሮጌ ባትሪ በተፈቱ ሴሎች የተሠራ ባትሪ መሸጥም ተከለከለ። በ2024 ዓመት የሟቾቹ ቍጥር ከ18 ወደ 6 ወረደ። የእሳቱ ቍጥር ግን አልቀነሰም፤ እንዲያውም ከ270 በላይ ሆነ፤ ነገር ግን ካለፈው ዓመት ይልቅ ብዙው የተነሣው ከቤት ውጭ ነበር። ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛ፥ ሕግ ከወጣ በኋላም ቀድሞ የተሸጠው መጥፎ ዕቃ በሰው እጅ ለብዙ ጊዜ ይቈያል። ሁለተኛ፥ እሳቱ ባይቀር እንኳ ባትሪው ሰው ከሚተኛበት ቤት ውጭ ሲሆን ብዙ ነፍስ ይድናል።

ምናልባት ይህ ሁሉ የአሜሪካ ሰዎች በሌላ አገር ዕቃ ላይ የሚያወሩት የንግድ ቅናት ነው የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። ለዚህ መልስ የምትሰጠው ራሷ ቻይና ናት። ከ300 ሚሊዮን በላይ የኤሌክትሪክ ቢስክሌት ያለባት አገር እርስዋ ናት፤ ለዓለምም አብዛኛውን ሠርታ የምትሸጥ እርስዋ ናት። በፌብሩዋሪ 23 ቀን 2024 በናንጂንግ ከተማ በአንድ ረጅም የመኖሪያ ሕንፃ፥ የኤሌክትሪክ ቢስክሌቶች በሚቆሙበት በታችኛው ወለል በተነሣ እሳት 15 ሰዎች ሞቱ። ከዚህ በኋላ የቻይና መንግሥት ስለ ሊቲየም ባትሪ ያወጣው አስገዳጅ ደንብ በኖቬምበር 2024 በሥራ ላይ ዋለ። ስለ ቢስክሌቱም የነበረው ደንብ ተሻሽሎ ከሴፕቴምበር 1 ቀን 2025 ጀምሮ ሥራ ላይ ውሏል፤ በዚህም ደንብ ፍጥነቱ በሰዓት ከ25 ኪሎሜትር እንዳይበልጥ፥ የሚቀጣጠለው ፕላስቲክም ከቢስክሌቱ ክብደት ከመቶ 5.5 እንዳያልፍ ተወስኗል። ሠሪው አገር በገዛ ሕዝቡ ዘንድ የከለከለው ዕቃ ጠያቂ ወደሌለበት ገበያ እንዳይፈስ መጠንቀቅ የገዢው አገር ፈንታ ነው።

አሁን ደግሞ ነገሩን ወደ አገራችን ምድር መልሰን በቍጥር እንመልከተው። የአዲስ አበባ መንገድ እንደ ቻይና ሜዳ ከተሞች ደልዳላ አይደለም። አንድ ሰው ከነቢስክሌቱ 100 ኪሎግራም ቢመዝን፥ ከቦሌ በኩል ተነሥቶ ወደ እንጦጦ ግርጌ ሲሄድ 300 ሜትር ከፍታ ቢወጣ፥ ለመውጣቱ ብቻ 82 ዋት ሰዓት ያስፈልገዋል፤ ሞተሩ በሙቀት የሚያባክነው ሲጨመርበት ወደ 110 ይደርሳል። ይህም ከ360 ዋት ሰዓቱ ባትሪ አንድ ሦስተኛ የሚጠጋ ነው። እንግዲህ ሻጩ “በአንድ ሙሌት 80 ኪሎሜትር ይሄዳል” ብሎ ሲናገር፥ የሚናገረው ስለ ሜዳ፥ ስለ ቀላል ሰው፥ ፔዳልም ስለሚመታ ሰው ነው። ለእኛ ዳገት ግን “ላም አለኝ በሰማይ፥ ወተቷንም አላይ” እንደ ተባለው ይሆናል። ከዳገት የባሰው ደግሞ ቁልቁለቱ ነው፤ ራሱ 25 ኪሎግራም የሚመዝን ቢስክሌት ሰውና ጭነት ይዞ ሲወርድ በደካማ ፍሬን አይቆምም። ስለዚህ ገዢ ከሞተሩ አስቀድሞ ፍሬኑን ይመርምር።

ስለ ገንዘቡም ምሳሌ ለማቅረብ ያህል፥ አንዱ ሰው በ500 ዶላር ርካሹን ገዛ እንበል፤ ባትሪው በዓመት ከመንፈቅ ቢደክምና ለእርሱ የሚስማማ ባትሪ ከገበያ ቢታጣ ቢስክሌቱ ብረት ብቻ ይሆናል፤ በዓመት 333 ዶላር ከፈለ ማለት ነው። ሌላው በ1,200 ዶላር የታወቀውን ገዝቶ በመካከሉ በ400 ዶላር አንድ ባትሪ ቢለውጥና ስድስት ዓመት ቢሠራበት፥ በዓመት የከፈለው 267 ዶላር ብቻ ነው። በዚህ አቈጣጠር ርካሽ የተባለው ውድ፥ ውድ የተባለው ርካሽ ሆኖ ይገኛል። ዋናው ልዩነት የዋጋው ማነስ አይደለም፤ ባትሪው ሲሞት የሚተካው መገኘቱና አለመገኘቱ ነው።

ይህን ስንል አንድ ብርቱ መቃወሚያ እንደሚነሣብን እናውቃለን። “500 ዶላር ያለው ድሀ 1,200 ከወዴት ያመጣል? ሁለተኛውን ዋጋ ሊያስብ የሚችለው የመጀመሪያውን ለመክፈል የማይቸገር ሰው ነው” ይሉናል። እውነት ነው። የኒውዮርኩ ምግብ አመላላሽ መጥፎውን ባትሪ የገዛው በሞኝነት ሳይሆን በችግር ነው፤ ሥራውን ቢያቋርጥ የዚያ ቀን እንጀራው ይቀራል። ስለዚህ ድሀውን ውዱን ግዛ ብሎ መገሠጽ ብቻ ምክር አይባልም። ነገር ግን ዐቅም የሌለው ሰው ያለው ምርጫ መጥፎው ባትሪ ብቻ አይደለም። ሞተር የሌለው ጥሩ ቢስክሌት አለ፤ ትንሽ ባትሪና መጠነኛ ፍጥነት ያለው ነገር ግን የተመረመረ ቢስክሌት አለ፤ የእርሳስ ባትሪ ያለውም አለ፤ እርሱ ይከብዳል፥ ቶሎም ይደክማል፥ ነገር ግን እንደ ሊቲየሙ በቀላሉ አይቀጣጠልም።

ስለ ሆነም ለጥያቄያችን የምንሰጠው መልስ ይህ ነው። በጣም ርካሹ የኤሌክትሪክ ቢስክሌት ሊገዛ የሚገባው ሦስት ነገር ሲሟላ ብቻ ነው። አንደኛ፥ ባትሪውና ቻርጀሩ በታወቀ መርማሪ ተፈትነው ማረጋገጫ ያላቸው ይሁኑ፤ የተለጠፈው ምልክት ብቻ አይብቃ፥ ምልክት ሊታተም ይችላልና ወረቀቱ ይጠየቅ። ሁለተኛ፥ ባትሪውን የሚተካና ፍሬኑን የሚጠግን ሰው በከተማው ውስጥ ይገኝ። ሦስተኛ፥ ፍሬኑ፥ ቸርኬውና ብረቱ ለሞተሩ ፍጥነት የሚመጥኑ ይሁኑ። ከእነዚህ አንዱ ቢጐድል በስጦታ የተገኘ እንኳ ቢሆን ውድ ነው። ሦስቱ ከተሟሉ ግን ዋጋው ቢያንስ ምንም ነውር የለበትም፤ ለድሀ ሰው ትልቅ ጥቅም ነው።

አስቀድሞ የገዛም ሰው ተስፋ አይቍረጥ፤ ይጠንቀቅ እንጂ። ባትሪውን ከራሱ ቻርጀር በቀር በሌላ አይሙላ፤ ተኝቶም ሳለ አይሙላ። በመውጫው በር አጠገብና በደረጃ ሥር አያቁመው። ያበጠ፥ የሸተተ፥ የተመታ ወይም ውሃ የገባበት ባትሪ ቢያይ ከቤት ያውጣው እንጂ ለማስጠገን አይሞክር።

በሥልጣን ላይ ላሉት ደግሞ የምናሳስበው አለን። መጥፎ ዕቃ የሚያዘው በጉምሩክ በር ነው እንጂ በመንገድ ላይ አይደለም። አንድ አስመጪ በአንድ ኮንቴይነር የሚያስገባው ባትሪ መቶ ቤት ሊያቃጥል ይችላል፤ ስለዚህ ዕቃው ሳይገባ መመርመር፥ የፈተናውንም ወረቀት መጠየቅ፥ ለሚሸጠው ባትሪ ሁሉ መለዋወጫ እንዲያቀርብ አስመጪውን ማስገደድ ይገባል። ዕቃው ገብቶ ከተሸጠ በኋላ የድሀውን ቢስክሌት ከመንገድ ላይ መንጠቅ ግን ጥፋቱን ከሠራው ላይ አንሥቶ በተጐዳው ላይ መጫን ነው። ኒውዮርክም ይህን ከብዙ ሞት በኋላ ተረድታ በ2024 ዓመት ለምግብ አመላላሾች ከቤት ውጭ የባትሪ መሙያ ቦታ መሞከር ጀመረች፤ በ2025 ዓመት መጀመሪያም መጥፎውን ቢስክሌት አስረክቦ በተመረመረ የሚለወጥበትን መንገድ ከፈተች። እኛ ይህን ከእሳቱ በፊት ልናደርገው እንችላለን። በየመሥሪያ ቤቱ፥ በየትምህርት ቤቱና በየደብሩ ቅጥር ውስጥ፥ ከሕንፃው ርቆ ጣራ ያለው ትንሽ የመሙያ ስፍራ ማዘጋጀት ብዙ ወጪ የሚጠይቅ ነገር አይደለም።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚባለው ምሳሌ በሌሎች አገሮች በዚህ ነገር ተፈጽሟል። ሕጉ የወጣው ሰው ከሞተ በኋላ ነው። ለእኛ ግን ዕቃው ገና በብዛት ሳይገባ የሌሎቹ ታሪክ ደርሶናል። ስለዚህ ገዢ ከመግዛቱ በፊት የባትሪውን ወረቀት ይጠይቅ፤ ሹምም ከማስገባቱ በፊት ይጠይቅ፤ የሚያነብም ሰው ለማያነበው ጎረቤቱ ይንገረው።